ብዙው ነገር አንድ ስለ መሆኑ

ምስጋና ሁሉ ለአላህ ይሁን፤ ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፥ በቤተ ሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ።

ከዚህ በኋላ፥ አንባቢ ሆይ! ዓይንህን ከፍተህ ስትመለከት ሰማይና ምድርን፥ ገዢና ሻጭን፥ ትርፍና ኪሳራን፥ ብዙ ነገርን ታያለህ። ተውሒድ ግን ይህ ሁሉ በአንድ ጌታ የተፈጠረ፥ በአንድ ፈቃድም የሚቆም መሆኑን ያስተምርሃል። እንግዲህ «ብዙ የሆነው እንዴት አንድ ይሆናል?» ብለህ ብትጠይቅ፥ ጥያቄህ አዲስ አይደለም።

ይህንኑ ጥያቄ፥ በሂጅራ 450 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1058) በጡስ የተወለዱት ኢማም አቡ ሐሚድ አል-ገዛሊ፥ አላህ ይዘንላቸውና፥ «ኢሕያእ ዑሉም አድ-ዲን» በተባለው መጽሐፋቸው፥ ስለ ተውሒድና ስለ ተወኩል በጻፉበት ክፍል መርምረውታል። አንድ ነገር በአንድ በኩል ሲያዩት ብዙ፥ በሌላ በኩል ሲያዩት አንድ ሊሆን እንደሚችል ያስረዳሉ። ምሳሌውም ከአንተ የራቀ አይደለም፤ ራስህ ነህ። ነፍስህንና ሥጋህን፥ አጥንትህንና ሥርህን ለየብቻ ብትቆጥር ብዙ ነህ፤ ነገር ግን ወዳጅህ በገበያ ሲያገኝህ ሰላምታ የሚሰጠው ለአንድ ሰው ነው። ብዙነትህም እውነት ነው፤ አንድነትህም እውነት ነው፤ አንዱ ሌላውን አያፈርሰውም።

ሰው የሚሳሳተው ከፊሉን አይቶ ሙሉውን ሲረሳ ነው። ኢማሙ በወረቀት ላይ የምትሄድ ጉንዳንን ይጠቅሳሉ፤ ወረቀቱ ሲጠቁር የብዕሩን ጫፍ ብቻ ስለምታይ፥ ያጠቆረው ብዕሩ ይመስላታል፤ ዓይኗ ወደ ጣቶቹ፥ ወደ እጁና ወደ ጸሐፊው አይደርስምና። ደግሞም ሞት ተፈርዶበት ሳለ ንጉሥ በጽሑፍ ምሕረት ያደረገለትን ሰው ያነሣሉ፤ ይህ ሰው ንጉሡን ትቶ ቀለሙንና ብዕሩን ቢያመሰግን ምንኛ ሞኝ ነው! ወንድሜ ነጋዴ ሆይ፥ ሪዝቅህ ከደንበኛህ የመጣ መስሎህ እርሱን ላለማጣት የምትዋሽ፥ በቀረም ጊዜ ቀልብህ የሚሸበር ከሆነ፥ አንተም ብዕሩን አይተህ ጸሐፊውን ረስተሃል።

ነገር ግን በሌላው ወገን ካለው ጉድጓድም ተጠንቀቅ! «ሁሉ ከአላህ ከሆነ እኔ ምን አለብኝ?» ብሎ ሚዛን የሚያጎድል፥ ዕዳውን የሚክድ፥ የየቲምን አማና የሚበላ ሰው ተውሒድን አላወቀም። ኢማሙ ይህንንም በምሳሌ ይፈቱታል፤ አሚሩ አዝዞ ባለ ሰይፉ በገደለ ጊዜ፥ «አሚሩ ገደለው» ቢባል እውነት ነው፤ «ባለ ሰይፉ ገደለው» ቢባልም እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ የሁለቱ ትርጉም አንድ አይደለም። እንዲሁም መፍጠርና መወሰን የአላህ ነው፤ ሚዛኑን የያዘችው እጅ ግን ያንተ ናት፤ ስለ እርሷም ትጠየቃለህ። ጌታ ጌታ ነው፤ ባሪያም ባሪያ ነው።

ይህን የተረዳ ሰው ለመስጊድ አንድ ልብ፥ ለሱቅ ሌላ ልብ አይኖረውም። ኢማሙ በሂጅራ 488 (በ1095) በባግዳድ ኒዛሚያ የነበራቸውን ታላቅ የመምህርነት ወንበር የተዉት፥ ልባቸውን መርምረው ማስተማራቸው ለአላህ ብቻ ሳይሆን ለዝናም ጭምር ሆኖ ስላገኙት ነው። አንተ ግን ሱቅህን እንድትዘጋ አልተጠየቅህም፤ በሶላት የቆመው ልብህ በሚዛኑም ፊት እንዲቆም እንጂ። ልጆችህም የሚበሉት እንጀራ ከየት እንደ መጣ ቢጠይቁህ፥ ብዕሩንም ጸሐፊውንም ንገራቸው፤ የለፋውን ሰው እንዲያመሰግኑ፥ ሰጪው ግን አላህ መሆኑን እንዳይረሱ።

አላህ የተበተነ ቀልባችንን ይሰብስብልን። አሚን።