ቅቤው ለእናት፣ እንገሩ ለልጅ

ሳጉሬ ከአሰላ ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የደጋ ከተማ ናት፤ ብርዷ አይጣል ነው። ስለዚህ እዚህ ጡት ማስያዝ የሚጀምረው የማዋለጃ ክፍሉን ከማሞቅ ነው። ምጡ ሳይገፋ መስኮቱን ዝጉ፤ ደረቅ ጨርቅና የሕፃን ቆብ በቅርብ ይኑር።

ሕፃኑ እንደተወለደ አድርቁት። ካለቀሰና ደህና ከተነፈሰ ወደ ሚዛን አትሩጡ፤ ራቁቱን በእናቱ ደረት ላይ በሆዱ አስተኙት። እትብቱም እዚያው እንዳለ ይቆረጥ። ቆቡን አጥልቁለትና ሁለቱንም በጋቢ ሸፍኑ። ሚዛኑም፣ የቫይታሚን ኬ መርፌውም፣ የዓይን ቅባቱም ከአንድ ሰዓት በኋላ ይደርሳሉ። ገላውን ማጠብ ቢያንስ 24 ሰዓት ይቆይ።

ቀጥሎ ያለው ሥራ መጠበቅ ነው፤ ሥራ የለመደ እጅ የሚቸገረውም እዚህ ላይ ነው። ሕፃኑ ትንሽ ያርፍና ለሐጩ ይዝረበረባል፣ እጁን ይልሳል፣ በአፉ ይፈልጋል። ያኔ እናቲቱን «ፈልጎሻል፣ አስጠጊው» በሏት። ጭንቅላቱን ይዛችሁ ወደ ጡት አትግፉት፤ የተገፋ ሕፃን ይሸሻል።

አያያዙን እዩ። አፉ በሰፊው ተከፍቶ፣ አገጩ ጡቷን ነክቶ፣ የታችኛው ከንፈሩ ወደ ውጭ ተገልብጦ ከሆነ ደህና ይዟል። በጡቷ ጫፍ ዙሪያ ካለው ጥቁር ክፍልም ከላይ የሚታየው ከታች ከሚታየው ይበልጣል። ጫፉን ብቻ ከያዘ ያቆስላታል፤ ንጹሕ ጣቷን በአፉ ጥግ አስገብታ ታላቅቀውና እንደገና ትሞክር። ሲጠባ ማህፀኗ ስለሚኮማተር ቁርጠት ይሰማታል፤ ደም መፍሰሱን የሚቀንሰው እሱ መሆኑን ቀድማችሁ ንገሯት። በቀዶ ሕክምና የወለደችም በጎኗ ተጋድማ ማጥባት ትችላለች።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ሕፃኑን ሊያቀምሱ ቅቤ ይዘው በር ላይ የቆሙት አያት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገር ደረጃ ከ100 ሕፃናት 73ቱ በመጀመሪያው ሰዓት ጡት ይዘዋል፤ 8ቱ ግን በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ከእናት ጡት ሌላ ነገር ቀምሰዋል። አያቲቱን አትገሥጿቸው። በኦሮምኛም ሆነ በአማርኛ፣ በሚቀናቸው ቋንቋ «እማማ፣ ላምዎ ስትወልድ ጥጃው እንገሩን ሳይጠባ ያሳድሩታል?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ሳጉሬ ያለችበት አርሲ የከብት አገር ነው፤ መልሱን ከእናንተ አብልጠው ያስረዳሉ። ከእናት ጡት መጀመሪያ የሚወጣው ቢጫ ወተት የሰው እንገር መሆኑን፣ በሽታ መከላከያ እንዳለው፣ ጥቂት መስሎ ቢታይም ለዚያች ትንሽ ሆድ እንደሚበቃ ያን ጊዜ ጨምሩ። ቅቤው ለአራሷ ገንፎ ይሁን በሏቸው፤ ደስ ይላቸዋል።

ከመሸኘታችሁ በፊት ቢያንስ አንድ ጊዜ ስታጠባ በዓይናችሁ እዩ። በቀንና በሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ ታጥባ፤ እስከ 6 ወር ውኃም አያስፈልገውም። ከ5ኛው ቀን በኋላ በ24 ሰዓት 6 ጊዜ ያህል ከሸና እየጠገበ ነው። እንቅልፍ አብዝቶ አልጠባ ካለ፣ ወይም ጡቷ ቀልቶ ትኩሳት ከያዛት፣ ሌሊትም ቢሆን ይዘዋት እንዲመጡ ለባሏም ለአማቷም ንገሩ።