በድግስ ቤት ለልጆች ስለሚቀዳው መጠጥ

ወይን የእግዚአብሔር ፍጥረት መሆኑን፥ ጌታችንም በገሊላ ቃና በሠርጉ ቤት ተገኝቶ ውሃውን ወደ ወይን ጠጅ እንደ ለወጠው የማያውቅ ክርስቲያን የለም። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ደቀ መዝሙሩን ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን እንዲጠጣ መክሮታል፤ ያው ሐዋርያ ደግሞ የኤፌሶንን ምእመናን ከስካር እንዲርቁ አጥብቆ አዝዟቸዋል። እንግዲህ ቤተ ክርስቲያናችን መጠጥን እንደ ርኩስ ነገር አትቈጥረውም፤ ስካርን ግን ከኀጢአት ትቈጥረዋለች። ይህ ትምህርት በዐውደ ምሕረት ብዙ ጊዜ የተነገረ ስለ ሆነ እዚህ አንደግመውም። አሁን የምንናገረው ከዚህ ጠበብ ስላለና እምብዛም ስለማይነገር ጉዳይ ነው፤ ይኸውም ዕድሜው ያልደረሰ ልጅ የመጀመሪያውን ጽዋ ከማን እጅ ይቀበላል? የሚል ነው።

ይህ ሲጠየቅ ብዙ ሰው ወዲያው ወደ መሸታ ቤትና ወደ ከተማው ጭፈራ ቤት ጣቱን ይቀስራል። የመሸታ ቤቱ ጥፋት እንዳለ ሆኖ፥ በየመንደራችን የምናየው ነገር ግን ሌላ ነው። በክርስትና፥ በተዝካር፥ በዝክር ወይም በዓመት በዓል ቀን አሳላፊው ጠላውን ይዞ በየእድምተኛው ፊት ሲዞር፥ ከአባቱ ጉልበት አጠገብ የተቀመጠውን የ7 ወይም የ8 ዓመት ልጅ ያያል፤ «ለዚህስ አይቀዳለትም?» ይላል። አባት ይሥቃል። አያትም «ይቅመሰው እንጂ፥ ልጅ የድግስ ነገር ያምረዋል» ይላሉ። ልጁ ቀምሶ ፊቱን ሲያጨማድድ ቤቱ ሁሉ በሣቅ ይሞላል። በ12 ዓመቱ ግን ፊቱን አያጨማድድም። በ15 ዓመቱ ሙሉ ብርጭቆ ሲቀዳለት የሚሥቅም የሚቈጣም የለም፤ እንዲያውም እንደ ጕልምስና ምልክት ይቈጠርለታል። በ17 ዓመቱ ከእኩዮቹ ጋር ከጓዳ የተረፈውን አረቄ ጠጥቶ በር ላይ ወድቆ ሲገኝ ያን ጊዜ አባት ዱላ ያነሣል። ልጁም ይገረማል። ያስተማሩት እነርሱ ናቸውና ምን አዲስ ነገር እንዳደረገ አይገባውም።

መንግሥት በዚህ ነገር ዝም አላለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ዐዋጅ ቍጥር 1112 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው የአልኮል መጠጥ እንዳይሸጥ ከልክሏል፤ ቀድሞ ወሰኑ 18 ዓመት ነበር። የመጠጥ ማስታወቂያም በራዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይነገር አግዷል። ይህ መልካም ሥራ ነው፤ ከዚያ በፊት በየበዓሉ ቀን በየቤቱ መስኮተ ምስል የቢራ ማስታወቂያ ከመዝሙር ጋር እየተፈራረቀ ይሰማ እንደ ነበር አንዘነጋም። ነገር ግን ዐዋጁ የሚይዘው ሻጩን ነው። በተዝካር ቤት ሻጭ የለም፤ በክርስትና ቤት ሒሳብ የሚጠይቅ የለም። ጠላው የተጠመቀው፥ ጠጁ የተጣለው በፍቅርና በድካም ነው፤ የሚቀዳውም በነጻ ነው። በየዳሱ ሥር ፖሊስ ይቁም ማለትም አይቻልም፤ ቢቻልም አንወደውም። ስለዚህ ሕጉ ከደጅ ቆሞ ይቀራል፤ ከደጁ በውስጥ ያለውን ማን ይጠብቀው?

ጕዳቱን በአጭሩ እንናገር። የሕክምና ሊቃውንት እንደሚያስረዱት የሰው አንጎል ዕድገቱን የሚጨርሰው በ20ዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ገደማ ነው፤ በመጨረሻ የሚበስለውም አስቀድሞ የማሰብና ራስን የመግታት ኀይል የሚገኝበት ክፍል ነው። የልጅ ሰውነት ትንሽ ስለ ሆነ ለዐዋቂ ምንም የማይመስለው ጽዋ ለእርሱ ብዙ ነው። መጠጥን በልጅነት የጀመረ ሰው ካደገ በኋላ የመጠጥ ምርኮኛ የመሆኑ ዕድል ዘግይቶ ከጀመረው እንደሚበልጥ በብዙ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ያሳያሉ። ከዚህም ጋር የቤት መጠጥ ልክ የለውም። ጠላ ቀጭን ሲሆን በመቶ 2 ያህል፥ የተጣራና የጠነከረ ሲሆን 5 ወይም 6 ያህል አልኮል ሊኖረው ይችላል፤ ጠጅ ከዚያ ያልፋል፤ ዳግም አረቄ እስከ 45 ሊደርስ ይችላል። ከእንስራው ላይ ልኩ አልተጻፈም፤ እናት «ቀጭን ነው» ብላ የምትሰጠው በምላሷ መዝና ብቻ ነው።

በሌላው ዓለም ያሉ ሕዝቦችም በዚህ ጥያቄ ደክመዋል። በአሜሪካ በ1984 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣው ሕግ፥ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መጠጥ እንዲሸጥ ከሚፈቅድ ግዛት ለአውራ ጎዳና ከሚሰጠው ገንዘብ ከፊሉ እንዲያዝ አደረገ፤ በ1988 ሁሉም ግዛቶች ይህን ወሰን ተቀብለው ነበር። ይሁን እንጂ ወጣቶቹ ከሱቅ ሲከለከሉ በየቤቱ ግብዣ መጠጣታቸውን አልተዉም። ስለዚህ ብዙ ከተሞችና አውራጃዎች፥ በተለይም በካሊፎርኒያ፥ የራሳቸውን ደንብ አወጡ። በዚህ ደንብ ተጠያቂው መጠጡን የሸጠው ብቻ ሳይሆን፥ በቤቱ ወይም በግቢው ልጆች ሲጠጡ ዝም ብሎ ያየው ባለቤት ነው፤ የገንዘብ መቀጫም ይከፍላል። በዚያ አገር የሚኖሩ ምእመናኖቻችን ክርስትና ሲያነሡ ወይም ልጃቸውን ሲያስመርቁ እንደ አገራቸው ልማድ ለጎረቤት ልጅ ቢራ ቢያቀርቡ፥ በቸርነታቸው ምክንያት በሕግ ሊጠየቁ እንደሚችሉ ማወቅ ይገባቸዋል። የአንዱ ግዛት ሕግ ከሌላው ስለሚለይ ደግሞ የሚኖሩበትን ከተማ ደንብ ጠይቀው ይረዱ።

እኛን ይበልጥ ያስደነቀን ግን የአይስላንድ ነገር ነው። ይህች አገር በሰሜን ውቅያኖስ ያለች ትንሽ ደሴት ናት። በ1998 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ዕድሜያቸው 15 እና 16 ከሆነው ልጆች መካከል ባለፈው ወር ሰክረን ነበር ያሉት ከመቶ 42 ነበሩ፤ በ2016 ግን ቍጥራቸው ወደ 5 ወረደ። ይህ በአንድ ዐዋጅ የተገኘ አይደለም። መንግሥት ወሰን አበጀ፤ መጠጥ ከ20 ዓመት በታች ላለ አይሸጥም፤ ከ13 እስከ 16 ዓመት ያሉ ልጆችም ካለ ዐዋቂ በክረምት ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ በውጭ እንዳይገኙ ታዘዘ። ለልጆች የስፖርትና የሙዚቃ ትምህርት ሰፋ። ከሁሉ ይልቅ የወላጆች ሥራ ይደነቃል። በየትምህርት ቤቱ ያሉ ወላጆች ተሰብስበው፥ ዐዋቂ በሌለበት የልጆች ግብዣ ላንፈቅድ፥ ለልጆችም መጠጥ ላንገዛ ብለው ቃል ገብተው ፈረሙ፤ በዐርብና በቅዳሜ ምሽትም በቡድን ሆነው በየሰፈሩ እየተዘዋወሩ ልጆችን ይጠብቁ ጀመር። እንዲህ ሲሆን አንዱ አባት ልጁን ሲከለክል «የእገሌ አባት ይፈቅዳል» የሚል መልስ አይሰማም፤ የእገሌ አባትም ፈርሟልና።

በስምምነት የቆመ የቤት ደንብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በትንቢተ ኤርምያስ በምዕራፍ 35 የሬካባውያንን ታሪክ እናነባለን። አባታቸው ኢዮናዳብ ልጆቹ ወይን እንዳይጠጡ አዘዘ፤ ትእዛዙ የመንግሥት ዐዋጅ አልነበረም፤ በሙሴ ሕግ ለሁሉ የተሰጠም አልነበረም፤ የአንድ ቤተ ሰብ ደንብ ነበር። ከ200 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ነቢዩ ኤርምያስ በእግዚአብሔር ቤት ጓዳ አስገብቶ በወይን የተሞሉ ማድጋዎችን ከነጽዋው በፊታቸው አኖረና እንዲጠጡ ጋበዛቸው። ቦታው ቅዱስ፥ ጋባዡም ነቢይ ሆኖ ሳለ የአባታችንን ትእዛዝ አናፈርስም አሉ፤ እግዚአብሔርም ስለ መታዘዛቸው አመሰገናቸው። ነቢዩ ዕንባቆም ደግሞ በምዕራፍ 2 ወዮታውን የሚያወርደው ባልንጀራውን በሚያጠጣው ላይ ነው። ባልንጀራውን የሚያጠጣ እንዲህ ከተወቀሰ፥ ክፉና ደጉን ያልለየውን ሕፃን የሚያጠጣ ምን ሊባል ነው?

እዚህ ላይ የሚነሣ ክርክር አለ፤ «ቤተ ክርስቲያንስ ለሕፃናት ከጽዋው ታቀብል የለምን?» የሚሉ አሉ። ይህ ክርክር ካለ ማወቅ የሚመጣ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ለሕፃናት የምታቀብለው የጌታችንን ክቡር ደም ነው፤ ለዚህም የሚቀርበው የደረቀ ዘቢብ በውሃ ርሶ የተጨመቀው ነው እንጂ ፈልቶ የሚያሰክር መጠጥ አይደለም። እንዲያውም አባቶቻችን ይህን ሥርዐት መጠበቃቸው፥ ሕፃንም ሽማግሌም ካለ እንቅፋት ከአንድ ጽዋ እንዲካፈሉ አድርጓል። የማኅበር ጽዋ ግን ሌላ ነው፤ በጻድቁ ወይም በሰማዕቱ ስም ስለሚጠጣ ቢከበርም በውስጡ ያለው ጠላ ጠላነቱን አይለቅም። «ለበረከት ይቅመስ» የሚሉ እናቶች በረከቱ በጌሾው ውስጥ እንዳልሆነ በካህናቱ ሊነገራቸው ይገባል፤ ልጁ ከዳቤው ቢቈርስ በረከቱ አይጐድልበትም።

ለካህናት የምንናገረው ሌላም አለ፤ ይህንም ስንጽፍ ራሳችንን ጭምር እየወቀስን ነው። በሰንበቴውና በተዝካሩ ከቀሳውስቱ ቀጥሎ የሚቀመጡት ዲያቆናት ብዙዎቹ የ12፥ የ14፥ የ16 ዓመት ልጆች ናቸው። የአብነት ተማሪዎችም ከየአገሩ የመጡ፥ አባትና እናት በአጠገባቸው የሌሉ ናቸው። ከሌሊት ጀምረው በማሕሌትና በቅዳሴ ቆመው ጾማቸውን ውለው ወደ ድግሱ ቤት ሲገቡ፥ ባዶ ሆዳቸውን መጀመሪያ የሚያገኘው ጠላው ነው። ባለቤቱ ዲያቆንን ማክበሩ ስለ ሆነ ዋንጫውን ሞልቶ ያቀርባል፤ ቄሱም ይህን አይቶ ዝም ይላል። የሐዋርያት ቀኖና ኤጲስ ቆጶሱን፥ ቄሱንና ዲያቆኑን ከስካር እንዲርቁ፥ ካልተመለሱም ከሹመታቸው እንዲሻሩ ያዝዛል፤ አናጕንስጢሱንና መዘምሩንም አላለፋቸውም። ቀኖናው የሚያስቀጣውን ነገር ለልጅ በገዛ እጃችን እያስለመድን፥ ካደገ በኋላ «ሰካራም ዲያቆን» ብለን ብናማው ፍርዳችን ቅን አይሆንም። የተማሪው አባት የኔታ ናቸው፤ የዲያቆኑም አባት የነፍስ አባቱ ነው። አንድ ቄስ በማዕድ መካከል «ለልጆቹ ውሃ አምጡላቸው» ቢል የሚከራከረው የለም። የሚያስፈልገው እንዲህ የሚል ቄስ ነው።

ከምክር ወደ ደንብ ለመድረስ ደግሞ መንገዱ ሩቅ አይደለም። ማኅበሩና ሰንበቴው ሙሴ አለው፥ አባላት አሉት፥ ለቀረና ለዘገየ መቀጫ አለው። ተረኛው ከ21 ዓመት በታች ላለ እንዳያስቀዳ፥ ቢያስቀዳ ግን ጧፍ ወይም ዕጣን ለቤተ ክርስቲያን እንዲሰጥ በአንድ ስብሰባ መወሰን ይቻላል። ዕድሩ ከዚህ የበለጠ ኀይል አለው። ለሠርግም ሆነ ለተዝካር ድንኳኑ፥ አግዳሚው፥ ድስቱና ብርጭቆው ከዕድር ይወጣል። እንግዲህ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ዕቃውን ሲያስረክብ፥ በዕድሩ ድንኳን ሥር ለልጅ መጠጥ እንዳይቀዳ ተዋዋዩን ቢያስፈርም፥ የአሜሪካው ከተማ በመቀጫ የሚፈልገውን እኛ ካለ ፖሊስ እናገኘዋለን። በዕድር ውስጥ ያሉ ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ይህን ደንብ ደስ ብሏቸው እንደሚደግፉት አንጠራጠርም።

በዕድሜው ወሰን ላይ ክርክር እንደሚነሣ እናውቃለን። የ19 ዓመት ሙሽራ በገዛ ሠርጉ ብርጭቆ ሊከለከል ነው ወይ? ብለው የሚሥቁ አይታጡም። እኛ ከሕጉ ጋር አንድ ሆኖ 21 ቢባል ይሻላል ባዮች ነን፤ ሁለት ልክ ሲኖር አሳላፊው በየወንበሩ ይከራከራልና። ነገር ግን ማኅበሩ ለመጀመሪያው ዓመት በ18 ቢጀምር አንነቅፈውም። በልጆቹ ላይ ያለው ግን ፍጹም ይሁን፤ ቅራሪም ቢሆን አይቀዳላቸው፤ ልጅም ጠላ እንዲቀዳ ወይም አረቄ ገዝቶ እንዲመጣ አይላክ። ጠላ ሸጠው ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ድኾች እናቶች መኖራቸውን አንረሳም፤ እነርሱን መውቀስ አሳባችን አይደለም፤ ማታ ማታ ለጠጪው የሚቀዳው የ10 ዓመት ልጅ ግን ትምህርቱን እንዲያጠና የሰበካው ምእመናን አንድ መላ ይፈልጉላቸው።

በድግሱም ቀን ሥራው በአሳላፊው እጅ ነው። ደግ አሳላፊ ሁለት ማንቆርቆሪያ ይይዛል፤ በአንዱ ጠላ፥ በሌላው ያልፈላ ብርዝ ወይም የተልባ ውሃ። ልጅ ባዶ እጁን ሲቀመጥ ያፍራል፥ የጎረቤቱንም ጽዋ ይመኛል፤ ስለዚህ የልጆቹ ብርጭቆ ከዐዋቂዎቹ አስቀድሞ ይሞላ። ቄሱ ተነሥተው ባለቤቱን ሲመርቁ ልጁም ብርዙን በእጁ ይዞ ከአባቱ ጋር አሜን ይላል።