ከጎታው እስከ አዋጁ፦ የፀረ ተባይ ስጋት እንዴት ይመዘናል?

የትምህርቱ ዓላማ፦ አንድ ፀረ ተባይ ለሽያጭ ከመፈቀዱ በፊት በምን ዓይነት ምርመራ እንደሚያልፍ ማስረዳት፣ ፈቃዱም የሚያረጋግጠውንና የማያረጋግጠውን መለየት ነው። ትምህርቱ የተዘጋጀው ለሰበካ ጉባኤ አባላት፣ ለልማት ኮሚቴዎችና ለሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን ነው።

መግቢያ

ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ የሚጓዝ ሰው መዘዞ ላይ ሲደርስ በደጋ እህል መካከል ነው፤ ገብሱ፣ ስንዴው፣ ባቄላውና ምስሩ በየማሳው ይታያል። በአንድ የገበያ ቀን በዚያ ሳልፍ፣ በሃይላንድ ተቀድቶ የሚሸጥ ነጣ ያለ ፈሳሽ ተመለከትሁ። ስም የለበትም፤ መጠኑን የሚናገር ጽሑፍም የለበትም። ገዝቶ የሚሄደውን ጎልማሳ ለምን እንደሚሆነው ብጠይቀው፣ «ለባቄላው ነቀዝ ነው» አለኝ። እንደተጨነቅሁ አይቶም፣ «መንግሥት የፈቀደው ነው እኮ ዲያቆን፤ ምን ያሰጋል?» ሲል አከለ።

ጥያቄው መልስ የሚገባው ነው፤ ይህ ጽሑፍም መልሱን ለመስጠት የተዘጋጀ ነው። ፈቃድ በሜዳ ላይ የተሰጠ ምስክርነት አይደለም፤ ጥናትን ተከትሎ የሚሰጥ ነው። ነገር ግን ጥናቱ በቅድመ ሁኔታዎች ላይ የቆመ በመሆኑ፣ ቅድመ ሁኔታዎቹ ሲፈርሱ ፈቃዱ የሰጠው ዋስትናም አብሮ ይፈርሳል።

1. መርዝነትና ስጋት አንድ አይደሉም

ቶክሲኮሎጂ፣ ማለትም የመርዝ ጥናት፣ አንድ ንጥረ ነገር በሕያው አካል ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ይመረምራል። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው የስዊዘርላንድ ሐኪም ፓራሴልሰስ ያስተማረው መሠረታዊ ሐሳብ ዛሬም ይሠራበታል፤ ይኸውም መርዝንና መርዝ ያልሆነን የሚለየው መጠኑ ነው የሚለው ነው። ገበታችን ላይ ያለው ጨው እንኳ ከልክ ሲያልፍ ይገድላል።

ስለሆነም ባለሙያዎች ሁለት ነገሮችን ይለያሉ። የመጀመሪያው የንጥረ ነገሩ መርዝነት ነው፤ ይህ ከተፈጥሮው የመጣ ጠባይ ነው። ሁለተኛው ስጋት ነው፤ ስጋት የሚወለደው መርዝነት ከተጋላጭነት ጋር ሲገናኝ ነው። ተጋላጭነት ማለት ንጥረ ነገሩ ምን ያህል፣ በየት በኩል፣ ለስንት ጊዜ ወደ ሰውነት እንደሚገባ ነው።

ለዚህ አልሙኒየም ፎስፋይድ ግልጽ ምሳሌ ይሆነናል። ይህ በክኒን መልክ የሚመጣ የእህል ማከሚያ እርጥበት ሲያገኘው ፎስፊን የተባለ ገዳይ ጋዝ ይለቃል። ሰው በማያድርበት መጋዘን፣ በሸራ በታፈነ እህል ላይ፣ በሠለጠነ ሰው እጅ ሲውልና እህሉ ከመወሰዱ በፊት በሚገባ ሲናፈስ ሥራውን ሠርቶ ይሄዳል። ያው ክኒን ቤተሰብ በሚተኛበት ክፍል ባለ ጎታ ውስጥ ሲጨመር ግን ጋዙ ሌሊቱን ተኝተው ወዳሉት ይደርሳል። ፎስፊን የተለየ ማርከሻ መድኃኒት የለውም፤ ሽታውም ሁልጊዜ አስቀድሞ አያስጠነቅቅም። በመጋዘኑና በቤቱ ያለው ክኒን አንድ ነው፤ ልዩነቱ ተጋላጭነቱ ነው።

2. ልኩ እንዴት ይታወቃል?

የስጋት ግምገማ በተለምዶ አራት ደረጃዎች አሉት፦ ጉዳቱን መለየት፣ የመጠንና የጉዳትን ግንኙነት ማወቅ፣ ተጋላጭነትን መገመት፣ በመጨረሻም ሦስቱን አገናኝቶ ስጋቱን መፍረድ።

በመጠን ጥናት ውስጥ በመጀመሪያ የሚታየው አጣዳፊ መርዝነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ፀረ ተባዮችን የሚመድበው በዋነኛነት በዚህ ነው፤ በዕቃው ላይ ያለው የቀለም መስመርም ይህንኑ ያሳያል። ቀይ እጅግ አደገኛ ለሆኑት፣ ቢጫ መካከለኛ አደጋ ላላቸው፣ ሰማያዊ አነስተኛ አደጋ ላላቸው፣ አረንጓዴ ደግሞ በተገቢው አጠቃቀም አጣዳፊ ጉዳት ለማይጠበቅባቸው ነው። ይሁን እንጂ ቀለሙ ስለ ረጅም ጊዜ ጉዳት አይናገርም። በሀገራችን ለወባ መከላከያ ለብዙ ዓመታት ያገለገለው ዲዲቲ በአጣዳፊ መርዝነቱ ከመካከለኞቹ ተርታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የተፈረመው የስቶክሆልም ስምምነት አጠቃቀሙን በሽታ አስተላላፊ ነፍሳትን በመከላከል ብቻ የወሰነው በአካባቢ ለዓመታት ስለሚቆይና በስብ ውስጥ እየተጠራቀመ ከፍጡር ወደ ፍጡር ስለሚተላለፍ ነው።

ቀጥሎ የረጅም ጊዜው ጥናት ይመጣል። በእንስሳት ላይ በሚደረግ ምርመራ ምንም ጉዳት ያልታየበት ከፍተኛ መጠን ይፈለጋል። ይህ ቁጥር በተለምዶ ለ100 ይካፈላል። 10 እጁ ሰው ከእንስሳ ይልቅ ተጎጂ ሊሆን ስለሚችል፣ ሌላው 10 እጅ ደግሞ ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮች፣ አረጋውያንና ሕሙማን ከጤናማ ጎልማሳ ስለሚለዩ ነው። የተገኘው ውጤት ሰው በዕድሜው ሙሉ በየቀኑ ቢወስደው አይጎዳውም ተብሎ የሚታመን የዕለት ልክ ነው።

ለማስረዳት ብቻ ቁጥር እንውሰድ። ጉዳት ያልታየበት መጠን በኪሎ ግራም ክብደት 10 ሚሊ ግራም ቢሆን፣ ለ100 ሲካፈል 0.1 ይሆናል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው የዕለት ልኩ 6 ሚሊ ግራም ነው፤ 15 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ግን 1.5 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። በአንድ መሶብ ዙሪያ የተቀመጡ አባትና ልጅ ልካቸው አንድ አይደለም።

3. የእኛ ሰው ምን ይበላል? ምን ይጠጣል?

ልኩ ቢታወቅም ፍርዱ የሚሰጠው ተጋላጭነቱ ሲገመት ነው። እዚህ ላይ የሌላ ሀገር ቁጥር ብቻውን አይበቃንም። ምእመናን ከዓመቱ ቀናት ግማሽ ያህሉን በጾም ያሳልፋሉ፤ በጾም ወራት ሽሮው፣ ክኩና ምስር ወጡ የዕለት ምግብ ነው። ነቀዝ ይበላዋል ተብሎ ኬሚካል የሚነሰነስበትም ይኸው ጥራጥሬ ነው።

ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። በአንድ ኪሎ ሽሮ ውስጥ 20 ሚሊ ግራም ቅሪት አለ እንበል። ገምጋሚው ሕፃኑ በቀን 30 ግራም ሽሮ ይበላል ብሎ ቢያሰላ፣ የሚገባው 0.6 ሚሊ ግራም ስለሚሆን ከልኩ በታች ነው። ሕፃኑ በቤቱ የሚበላው 90 ግራም ከሆነ ግን 1.8 ይደርሳል፤ ልኩን አለፈ። ኬሚካሉም ቅሪቱም አልተለወጠም፤ የተሳሳተው የገበታው ግምት ነው።

ውኃም እንዲሁ ነው። ማሳው ከምንጩ በላይ ከሆነ፣ በክረምት የተረጨው ከአፈሩ ጋር ታጥቦ ወደ ጅረቱ ይወርዳል። ይህን በመረዳት እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በሀገራችን የፀረ ተባይ ስጋትን ለመቀነስ በተካሄደው ፕሮግራም፣ የኢትዮጵያ ባለሙያዎች ከኔዘርላንድስ የዋግኒንገን ተመራማሪዎች ጋር ሆነው ፕራይሜት የተባለ የስሌት ሞዴል ለሀገራችን ምዝገባ እንዲስማማ አዘጋጅተዋል። ሞዴሉ የአውሮፓን ወንዞች ሳይሆን የእኛን ትናንሽ ጅረቶችና ኩሬዎች፣ ሰውም ከእነርሱ ቀድቶ እንደሚጠጣ ታሳቢ ያደርጋል። የገጠር እናት እንስራ በሕግ አውጪው ስሌት ውስጥ ገባ ማለት ነው።

4. ሕጉ ምን ይላል?

በሀገራችን ፀረ ተባይን ለመመዝገብና ለመቆጣጠር እ.ኤ.አ. በ1990 ልዩ ድንጋጌ ወጥቶ ነበር። በኋላም የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ወጥቷል። በዛሬው ጊዜ ምዝገባው በኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ሥር ይገኛል።

ያልተጠና ክምችት የሚያስከትለውን መዘዝ ሀገራችን በተግባር አይታዋለች። በየመጋዘኑ ለዓመታት ተከማችቶ ጊዜው ካለፈበት ፀረ ተባይ ውስጥ 1,500 ቶን ያህሉ በ1990ዎቹ ዓመተ ምሕረት ታሽጎ ለማቃጠል ወደ ፊንላንድ ተልኳል። ሲገባ መድኃኒት የተባለው ሲወጣ አደገኛ ቆሻሻ ሆኖ ነበር።

እንግዲህ ምዝገባ ማለት ይህ ነው፦ ይህ ኬሚካል፣ ለዚህ ሰብል፣ በዚህ መጠን፣ በዚህ መከላከያ ልብስ፣ ይህን ያህል ቀን ተጠብቆ ጥቅም ላይ ከዋለ ስጋቱ ተቀባይነት አለው። «ከዋለ» የምትለዋ ቃል የፈቃዱ ምሰሶ ናት። ዕቃው በሃይላንድ ሲገለበጥ ምሰሶው ይወድቃል፤ መመሪያው በቀድሞው ዕቃ ላይ ቀርቷልና።

5. ከእኛ ምን ይጠበቃል?

ሀ) ጽሑፍ የሌለውን፣ የተገለበጠውን ኬሚካል አለመግዛት፤ ለማሳ የተፈቀደውን ለጎተራ እህል አለማዋል።

ለ) አልሙኒየም ፎስፋይድን ሰው በሚያድርበት ቤት ፈጽሞ አለመጠቀም። እህልን በሚገባ አድርቆ ፒክስ በተባለው ባለ ሦስት ሽፋን ከረጢት አጥብቆ ማሰር ነቀዙን አየር አሳጥቶ ይገድለዋል፤ ኬሚካልም አያስፈልገውም።

ሐ) ከምንጭ፣ ከጸበልና ከጅረት ዳር አለመርጨት፤ ባዶ ዕቃውን ለውኃ፣ ለዘይትም ሆነ ለጠላ አለመጠቀም።

መ) የተመረዘ ሰው ሲያጋጥም ወደ ንጹሕ አየር ማውጣት፣ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ፣ የኬሚካሉንም ዕቃ ይዞ መሄድ።

ሠ) የደረሰውን ጉዳት ለግብርናና ለጤና ባለሙያዎች ማሳወቅ። ያልተነገረ ጉዳት ወደ ግምገማው አይገባም፤ በገምጋሚው ዘንድም እንዳልደረሰ ይቆጠራል።

ለዚያ ጎልማሳ በመንገድ ላይ የሰጠሁት መልስ አጭር ነበር፤ ዛሬ ቢጠይቀኝ ሙሉውን እነግረው ነበር፦ «ወንድሜ፣ የተፈቀደው ጽሑፍ ያለበት ነው። በእጅህ ያለው ምን እንደሆነ ግን እኔም አንተም የምናውቅበት መንገድ የለንም። ለልጆችህ ሽሮ የሚሆነው ባቄላ ላይ አትጨምረው።»

የመወያያ ጥያቄዎች

1. መርዝነትና ስጋት በምን ይለያያሉ? ከቤታችሁ አንድ ምሳሌ ስጡ።

2. በቀበሌያችሁ እህል የሚቀመጠው ሰው በሚተኛበት ክፍል ነውን? ምን ሊለወጥ ይችላል?

3. በጾም ወቅት በቤታችሁ አንድ ሕፃን በቀን ምን ያህል ጥራጥሬ ይመገባል? ገምታችሁ ከላይ ካለው ምሳሌ ጋር አነጻጽሩ።

4. ከምትጠጡት ምንጭ በላይ ያለው ማሳ የማን ነው? ከባለቤቱ ጋር እንዴት ትነጋገራላችሁ?