የፊልም ሙዚቃ ያለ ቃል እንዴት ይናገራል?

የቪዲዮ ቤት በየሰፈሩ በነበረበት ጊዜ በሶዶም ሆነ በአረካ ወይም በቦዲቲ ያደግን ሰዎች የምናውቀው አንድ ነገር አለ። ፊልሙ የህንድ ነው፤ ቋንቋውን የሚሰማ ከተመልካቹ መካከል አንድም አይገኝም። ሆኖም እናትና ልጅ ሲለያዩ ቤቱ በሙሉ አብሮ ያዝናል። ክፉው ሰው ከበሩ ጀርባ መቆሙንም ተመልካቹ ከባለታሪኩ ቀድሞ ያውቃል። ታዲያ ማን ነገረው? ከምስሉ ሥር የሚሄደው ሙዚቃ ነው የነገረው። ለእኛ ለዕጩ መምህራን ይህ ጉዳይ የመዝናኛ ወሬ ብቻ አይደለም። ነገ በምንቆምበት ክፍል የሚቀመጡት ሕፃናት አማርኛውን ገና ያልለመዱ፣ የቤታቸው ቋንቋ ወላይትኛ ወይም ዳውሮኛ ወይም ጋሞኛ የሆነ ናቸውና ያለ ቃል የሚደርስ ነገር እንዴት እንደሚደርስ ማወቅ ይጠቅመናል።

ጉዳዩን ጠለቅ ብለን ስንመረምረው ሙዚቃ ወደ ሰው ስሜት የሚገባባቸው ሁለት መንገዶች እናገኛለን። አንደኛው የአካል መንገድ፣ ሁለተኛው የልማድ መንገድ ነው።

የአካል መንገድ የምንለው ከሰው ድምፅና ከልብ ምት የተወሰደውን ነው። ያዘነ ሰው ቀስ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይናገራል፤ የፈራ ሰው ድምፁ ይቀጥናል፣ ይፈጥናል፣ ይጮኻል። ያረፈ ጎልማሳ ልብ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ይመታል፤ ሲደነግጥ ከዚህ ያልፋል። የሙዚቃ ደራሲው ይህንኑ ይዋሳል። እ.ኤ.አ. በ1975 በወጣው «ጆውስ» በተባለው የስቲቨን ስፒልበርግ ፊልም ጆን ዊሊያምስ ስለ አንድ ሰው በላ ዓሣ ለመናገር የተጠቀመው በመሠረቱ ሁለት ጎን ለጎን ያሉ ወፍራም ድምፆችን ነው። መጀመሪያ ተራርቀው ይሰማሉ፤ ከዚያ እየተቀራረቡ፣ እየፈጠኑ ይመጣሉ። ዓሣው ለረጅም ጊዜ በምስል አይታይም፤ መቅረቡን የምናውቀው በጆሯችን ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 በወጣው «ሳይኮ» ውስጥ ደግሞ ሴትዮዋ ገላዋን ስትታጠብ የምትገደልበትን ክፍል ዳይሬክተሩ አልፍሬድ ሂችኮክ በመጀመሪያ ያለ ሙዚቃ ሊተወው አስቦ ነበር። በርናርድ ኸርማን ግን በቫዮሊኖች የሚጮኽ ሙዚቃ ጻፈለትና ዳይሬክተሩ ሐሳቡን ለወጠ። ዛሬ ያንን ክፍል ያለዚያ ጩኸት ማሰብ ይከብዳል።

ይህ መንገድ ከአገር አገር ይሻገራል ለማለት ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ ጥናት በሰሜን ካሜሩን የሚኖሩ የማፋ ብሔረሰብ አባላት ከዚያ በፊት ሰምተውት የማያውቁትን የምዕራባውያን ሙዚቃ እንዲሰሙ ተደርጎ የደስታ፣ የሐዘንና የፍርሃት ፊት ካላቸው ሥዕሎች ጋር እንዲያዛምዱት ጠየቀ። በግምት ከሚገኘው በላይ በትክክል አዛመዱ። ሁሉንም አላገኙትም፤ ይህንንም ልብ ማለት ያሻል። ያላገኙት ክፍል ወደ ሁለተኛው መንገድ ይመራናልና።

የልማድ መንገድ ማለት ዜማው ቀድሞ ከሰማንበት ቦታ ይዞት የሚመጣው ትርጉም ነው። ለምሳሌ ትዝታ ቅኝትን እንውሰድ። ኪቦርድ ወይም ክራር ያለው ሰው ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ እያለ ይሞክረው። እነዚሁ አምስት ድምፆች በቻይናም በስኮትላንድም የሕዝብ ዜማ ውስጥ ይገኛሉ፤ እዚያ ግን የግድ ናፍቆት አይናገሩም። ለኛ ሰው ናፍቆት የሚሆኑት ስንት ዘመን የተለየ ወዳጅና ያለፈ ጊዜ ሲዘፈንባቸው ስለኖሩ ነው። ሚንና ላን በግማሽ ድምፅ ዝቅ ብናደርጋቸው ሌላው የትዝታ ዓይነት ይመጣል፤ እሱ ደግሞ ይበልጥ ጠቆር ይላል።

ሁለቱ መንገዶች በአንድ ጊዜ ሲሠሩ ለማየት «ብሮክን ፍላወርስ» የተባለውን፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣውን የጂም ጃርሙሽ ፊልም መመልከት ነው። ዶን የተባለ ያልተጋባ ጎልማሳ ከቀድሞ ወዳጆቹ ከአንዷ ስም የሌለው ደብዳቤ ይደርሰዋል፤ የ19 ዓመት ልጅ ሊሞላው የተቃረበ ወንድ ልጅ እንዳለው ይነግረዋል። ጎረቤቱ ዊንስተን ትውልዱ ኢትዮጵያዊ ነው። «ሂድና ፈልጋቸው» ብሎ ይገፋፋዋል፤ ለመንገዱም የሙዚቃ ሲዲ ቀድቶ ይሰጠዋል። በሲዲው ላይ ያለው የሙላቱ አስታጥቄ ሥራ ነው፤ «የከርሞ ሰው»፣ «ጉበልዬ»፣ «የግሌ ትዝታ»። (የመጀመሪያው ስም የጸጋዬ ገብረ መድኅን ተውኔት ርዕስም መሆኑን የቲያትር ወዳጆች ያስታውሱታል።) ዶንን ሆኖ የሚጫወተው ቢል መሪ በፊልሙ ሙሉ ፊቱን እንደ ድንጋይ ያደርቀዋል። ብዙም አይስቅም፣ ብዙም አይናገር። መኪናውን ይነዳል፣ ሙዚቃው ይሄዳል። ውስጡ ምን እንዳለ የሚነግረን ያ ሙዚቃ ብቻ ነው።

አሜሪካዊው ተመልካች ከሙዚቃው የሚያገኘው በአካል መንገድ የሚመጣውን ነው፤ የማይቸኩል ምት፣ እንደ ትንፋሽ የሚወጣ ሳክስፎን፣ ወደ ፊት መሄድ የፈለገና ያልፈለገ የሚመስል ዜማ። ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ተቀምጦ የሚያየው ሰው ግን በዚያው ደቂቃ ሌላም ይሰማል። ሰውዬው የድሮ ፍቅሩን ፍለጋ ሲነዳ ትዝታ እየተመታለት ነው! በ1936 ዓ.ም. ጅማ የተወለደው ሙላቱ በእንግሊዝና በአሜሪካ ሙዚቃ ተምሮ የአገሩን ቅኝት ከጃዝ መሣሪያዎች ጋር ሲያዋሕድ ስለዚህ ፊልም አላሰበም። የሙዚቃው አቅም ግን ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ በባዕድ አገር ሰው ታሪክ ላይ ሠራ።

የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩም ነገር ከዚሁ ይዛመዳል። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም ያረፉት እኚህ መነኩሲት በፒያኖ የደረሱት፣ የእንግሊዝኛ ስሙ «ቤት የለሽ ተንከራታች» ማለት የሆነ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው «ፓሲንግ» በተባለው ፊልም ደጋግሞ ይሰማል። ታሪኩ ነጭ መስላ ስለምትኖር ጥቁር አሜሪካዊት ነው። የእማሆይ ጣቶች እንደሚያስብ ተናጋሪ ናቸው፤ ይቆማሉ፣ ይመለሳሉ፣ ቀጣዩ ድምፅ መቼ እንደሚወርድ አይታወቅም። ምሥጢር ይዞ የሚኖር ሰውን ለመግለጽ እኛ ከዚህ የተሻለ አናውቅም፤ ሙሉ ኦርኬስትራ ቢደረደርም ይህን አያመጣም ባዮች ነን።

የእኛዎቹ ፊልም ሠሪዎች በዚህ ረገድ ይለያያሉ። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» (እ.ኤ.አ. 2008) የጆርጋ መስፍንንና የቪጃይ አየርን ሙዚቃ ይዞ በጥንቃቄ የተሠራ ነው። ብዙዎቹ የአማርኛ ፊልሞች ግን ዝምታን ይፈራሉ። ተዋናይዋ ገና ዓይኗን ሳትጨፍን ኪቦርዱ ያለቅስላታል። እንዲህ ሲሆን ተመልካቹ እንዲሰማው መጠበቁ ቀርቶ እንዲሰማው ይታዘዛል።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። በክበባችን አንድ ሙከራ አድርገን ነበር። አንዲት እናት ሸክም አዝላ ከገበያ ወደ ዳሞታ አቅጣጫ ዳገቱን ስትወጣ በስልክ የተቀረጸ የአንድ ደቂቃ ምስል አለን። መጀመሪያ ያለ ድምፅ አሳየን፤ ቀጥሎ በክራር ትዝታ፣ በመጨረሻም በግፋታ ጨዋታ ምት። ያለ ድምፅ «ደክሟታል» ተባለ። በክራሩ «ሰው ሞቶባታል»፤ በግፋታው «ለልጇ ድግስ ልትደግስ ነው» አሉ። አንድ መምህራችን «ፊቷ ላይ ምን ተለወጠ?» ብለው ቢጠይቁ መልስ ጠፋ። ምስሉ ያው አንድ ነውና።

ከሁሉም በላይ ያነጋገረን ግን ከገጠር ቀበሌ የመጣ አንድ ባልደረባችን ያለው ነው። «ክራሩ እኔን አላሳዘነኝም። ይኼ የሬዲዮ ዜማ ነው፤ እኛ ቤት ሐዘን ሲሆን እንዲህ አይዜምም» አለ። አንዳንዶቻችን ሳቅን፤ እሱ ግን ልክ ነበር። ትዝታ ለኢትዮጵያዊ ሁሉ እኩል ይናገራል የሚለው አባባል መመርመር አለበት። ተቃራኒውም እንዲሁ ነው፤ የወላይታ ምት በብዙ ክሊፕና ፊልም የሚገባው ጭፈራ ሲፈለግ ብቻ ነው። ወላይታም ሟቹን በዜማ እንደሚሸኝ፣ ያ ዜማ ከሩቅ ሲሰማ ሰው ሥራውን ጥሎ እንደሚቆም የሚያውቀው የአካባቢው ሰው ነው።

ስለዚህ በክፍል ሙዚቃ የምናሰማ ሰዎች «ይህ ያሳዝናል፣ ይህ ያስደስታል» ብለን ባንጀምር ይሻላል። እናሰማ፤ ልጁ በራሱ ቋንቋ ይናገር ወይም ይሣል። ቀጥሎ «ይህን እንድትል ያደረገህ ድምፁ ውስጥ ያለ ምንድን ነው?» እንበል። «ቀስ ስላለ» ካለ በአካል መንገድ መጥቷል፤ «አያቴ ስትሞት እንዲህ ነበር» ካለ በልማድ። ሁለቱም ትክክለኛ መልስ ነው፤ የሚታረም የለውም።

ለሚቀጥለው የክበባችን ስብሰባ እያንዳንዱ ዕጩ መምህር ከተወለደበት ቀበሌ አንድ የደስታና አንድ የሐዘን ዜማ፣ ቃል የሌለበት፣ ከሁለት ደቂቃ ያልበለጠ፣ በስልኩ ቀድቶ ያምጣ። በያዝነው ምስል ላይ እየለጠፍን የዳውሮው የወላይታውን፣ የወላይታው የጋሞውን ለይቶ ያውቅ እንደሆነ እናያለን። የሐዘኑን ለመቅዳት ግን ለቅሶ ቤት ገብቶ፣ ቤተሰቡን ሳያስፈቅዱ ስልክ ማውጣት ነውር ነው፤ ያልተፈቀደለት ሰው ዜማውን በአፉ አንጎራጉሮ ቢቀዳው ይበቃናል።