አንድ ድንጋይ፣ ብዙ ማዕድናት፦ ከጆርጂያው ግሬቭስ ተራራ እስከ ሻኪሶ መረግድ

ከአትላንታ በስተምሥራቅ፣ በደቡብ ካሮላይና ድንበር አቅራቢያ የሚገኘው ግሬቭስ ተራራ በማዕድን ሰብሳቢዎች ዘንድ ስመ ጥር ነው። ከዚያ በሚወጣ፣ ከመዳፍ በማይበልጥ ድንጋይ ላይ ጥቁር ቀይ ሩታይል፣ ካያናይትና ኳርትዝ ተቃቅፈው ይታያሉ። ሦስት የተለያዩ ማዕድናት በአንድ ድንጋይ እንዴት ተገናኙ?

መነሻው የእሳተ ገሞራ ዐለት ነው። ትኩስና አሲዳማ ውኃ በውስጡ ሲዘዋወር ሶዲየምን፣ ፖታሲየምንና ካልሲየምን አጥቦ ወሰደ፤ በቀላሉ የማይሟሙት አሉሚኒየም፣ ሲሊካና ታይታኒየም በስፍራቸው ቀሩ። ዐለቱ በምድር ጥልቀት ተቀብሮ በሙቀትና በግፊት ሲለወጥ፣ አሉሚኒየምና ሲሊካ ተጣምረው ካያናይት ሆኑ፤ የተረፈው ሲሊካ ኳርትዝ ሆነ። ታይታኒየም ግን በሁለቱም ውስጥ በቂ ስፍራ አላገኘም። ክሪስታል በመጠንና በኤሌክትሪክ ሙል የሚስማማውን አቶም ብቻ ተቀብሎ ሌላውን ይገፋልና፣ ታይታኒየሙ ከኦክስጅን ጋር ለብቻው ሩታይልን ሠራ። (ለኮምፒውተር ቺፕ የሚውለው ሲሊከን ሲጣራም ይኸው የክሪስታል ጠባይ ያግዛል።)

የትኛው ቀደመ? አንዱ ሌላውን ሙሉ በሙሉ ውጦት ከተገኘ፣ ብዙውን ጊዜ የተዋጠው ቀዳሚ ነው። ሆኖም ጎረቤቱን እየተካ የሚያድግ ማዕድንም ስላለ ጥንቃቄ ያሻል። በግሬቭስ ተራራ ዐለቱ ሲቀዘቅዝ የገባ ውኃ ከፊሉን ካያናይት ወደ ለስላሳው ፓይሮፊላይት ለውጦታል።

የሀገራችን ምሳሌ ደግሞ ከዚህ ይልቅ ይደንቃል። በጉጂ፣ ሻኪሶ አካባቢ የሚገኘው መረግድ (ኤመራልድ) በተፈጥሮ እምብዛም የማይገናኙ ሁለት ንጥረ ነገሮችን ይሻል፤ ቤሪሊየምንና ክሮሚየምን። የመጀመሪያው ከግራናይት ወገን ከሆነው ፔግማታይት፣ ሁለተኛው ማግኒዚየም ከበዛበት ጥቁር ዐለት ይመጣል። ሁለቱ በተዋሰኑበት ስፍራ ትኩስ ፈሳሽ ንጥረ ነገሮቻቸውን አቀላቀለ፤ ጥቁሩ ዐለት ወደ ሚካ ተለወጠ፣ አረንጓዴው ክሪስታልም በሚካው መካከል አደገ።

እንግዲህ ያ የሚያብለጨልጭ ጥቁር ሚካ እንደ ቆሻሻ ተፈቅፍቆ ሲጣል የሚጠፋው የውልደቱ ማስረጃ ነው። ጥርት ያለው ድንጋይ ለቆራጭ ይሂድ፤ ተገቢም ነው። ስንጥቅ የበዛበትና ለጌጥ የማይሆነው ግን ከነሚካው ቢቆይ በሰብሳቢዎችና በሙዚየሞች ዘንድ ፈላጊ ያገኛል። ይህ ውሳኔ የሚወሰነው በቆፋሪው እጅ፣ መዶሻው ከማረፉ በፊት ነው፤ ተሰብሮ በሙጫ የተጠገነ ናሙና በገበያው ዋጋው ዝቅ ይላል።