የእንግሊዝ ዲፕሎማሲ በመተማ በር

ስለ ኃያላን መንግሥታት የውጭ ፖሊሲ ስንማር ምሳሌው ሁልጊዜ ከዋሽንግተን ወይም ከሞስኮ ይመጣል። እኔ ያደግኩት ሸሕዲ ነው፤ ለሸሕዲ ልጅ ከመተማ የተሻለ ምሳሌ የለም ባይ ነኝ። እንግሊዝ ከ1860 እስከ 1894 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ከኢትዮጵያ ጋር የነበራትን አካሄድ ደጋግማ ቀያይራለች። የመጨረሻው ውጤትም ሰሊጥ በሚዘራበት መሬት ላይ ተሰምሯል።

በ1860 ዓ.ም. ነገሩ ቀላል ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ያሰሯቸውን አውሮፓውያን ለማስፈታት ጄኔራል ናፒየር ከነጦሩ መጣ፣ መቅደላ ላይ ጉዳዩን ጨርሶ ተመለሰ። መሬት አልያዘም (መጻሕፍቱንና ዘውዱን ግን አልተወም)።

ከ16 ዓመት በኋላ ግን ለማኟ እንግሊዝ ሆነች። በሱዳን የተነሱት መሐዲስቶች የግብፅን ጦር በየምሽጉ ከበውት ነበር፤ ግብፅን የያዘችው ደግሞ እንግሊዝ ስለሆነች ጣጣው የእርሷ ነው። ታዲያ ጦር በመላክ ፈንታ አድሚራል ሂወትን ወደ ዐድዋ ላከች። በ1876 ዓ.ም. በተፈረመው ውል መሠረት ዐፄ ዮሐንስ የተከበቡት ወታደሮች በግዛታቸው በኩል እንዲወጡ ይረዳሉ። በምላሹ ቦጎስ ይመለስላቸዋል፣ ዕቃቸውም፣ መሣሪያም ጭምር፣ በምፅዋ በኩል በነፃ ያልፋል።

ንጉሡ ቃላቸውን ጠበቁ። ራስ አሉላም በ1878 ዓ.ም. መግቢያ ኩፊት ላይ ከመሐዲስቶች ጋር ተዋጉ። እንግሊዝስ? ውሉ ገና ዓመት ሳይሞላው፣ በ1877 ዓ.ም.፣ ጣልያን ምፅዋን ሲይዝ ተስማማች። ከፈረንሳይ ጣልያን ይሻለኛል ብላ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ዲፕሎማሲ ጦርነትን ይተካል እየተባልን ነው የምንማረው። የሂወት ውል ግን ጦርነቱን አልተካውም፣ ለሌላ ሰው አስተላለፈው እንጂ። እርግጥ ነው፣ ኢትዮጵያና መሐዲስቶች የራሳቸው የድንበር ጠብ ነበራቸው፤ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም በ1879 ዓ.ም. መተማ ድረስ ዘምተው ነበር። ቢሆንም የእንግሊዝ ሸክም ወደ እኛ መዞሩን የሚክድ ያለ አይመስለኝም። በ1880 ዓ.ም. ጎንደር ተቃጠለች። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ቆሰሉ፣ በማግስቱም አረፉ።

ከዐድዋ ድል በኋላ ቋንቋው እንደገና ተለወጠ። በ1889 ዓ.ም. ሬኔል ሮድ አዲስ አበባ ድረስ መጣ። ኪችነር ሱዳን ውስጥ እየገፋ ስለነበር፣ ምኒልክ ለመሐዲስቶች መሣሪያ እንዳያሳልፉ ተፈለገ። ምኒልክ ፈረሙ፤ ከኸሊፋ አብዱላሂ ጋር መጻጻፋቸውን ግን አልተዉም። ይህን ሳነብ ሳልስቅ አላለፍኩም።

ከዚያ ወዲህ መልእክተኛ መጥቶ መመለሱ ቀረና ሐሪንግተን የሚባለው ሰው አዲስ አበባ ተቀመጠ። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. የተፈረመው ውል የዚህ መቀመጥ ፍሬ ነው። ጣናን፣ ዓባይንና ሶባትን የሚያግድ ሥራ ያለ እንግሊዝና ያለ ሱዳን ስምምነት እንዳይሠራ ተባለ፤ ድንበሩም ተወሰነ። በዓመቱ ሻለቃ ግዊን መስመሩን መሬት ላይ ሲያሰምር የኢትዮጵያ ተወካይ አብሮት አልነበረም። ጋላባት ወዲያ፣ መተማ ወዲህ ቀረ። አንድም ጥይት አልተተኮሰም፤ ግን ናፒየር ከነጦሩ ካደረገው ይልቅ ይኼ ነው እስካሁን የቆየው።

በ1964 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ሱዳን ደብዳቤ ተለዋውጠው የግዊንን መስመር መነሻ አደረጉ፣ የገበሬዎቹን ይዞታ ጉዳይ ግን ለወደፊት ድርድር አሳደሩት። በ2013 ዓ.ም. የሱዳን ጦር አል ፋሽጋ ሲገባ ሱዳን የ1894ቱን ውል ጠቀሰች፤ ኢትዮጵያ ደግሞ ድርድሩ እስኪያልቅ የነበረው እንዳለ ይቆይ ተብሏል ብላ ተከራከረች። ያኔ የወጡ ብዙ ዜናዎች «ድንበር ተሻገሩ» ይሉ ነበር። የትኛውን መስመር፣ በማን የተሰመረውን፣ አይሉም። የእኛ አገር ገበሬ ደግሞ ግዊን የሚባል ሰው ሰምቶ አያውቅም፤ ብትጠይቁት የሚነግራችሁ አባቱ እስከየት ያርስ እንደነበር ነው።