ገቢ ሲቀንስ የክሬዲት ካርድ ዕዳ አያያዝ፦ አሜሪካ ለሚኖሩ የወርቃና የጌዴኦ ልጆች

የክሬዲት ካርድ ዕዳ መያዣ የሌለው ብድር ነው። ባንኩ ቤትም መኪናም ስላልያዘበት ስጋቱን የሚያካክሰው በወለድ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ የካርድ ወለድ በአማካይ በዓመት ከ20 በመቶ በላይ ሆኗል። የወሩ ሂሳብ በቀነ ገደቡ ሙሉ በሙሉ እስከተከፈለ ድረስ በግዢ ላይ ወለድ አይታሰብም። የሥራ ሰዓት ሲቀነስ ወይም ሥራ ሲቆም ግን ሂሳቡ በከፊል እየተከፈለ ቀሪው ወደሚቀጥለው ወር ይሻገራል። ያኔ የእፎይታ ጊዜው ይቀርና አዲስ የሚገዛ ነገር ሁሉ ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ወለድ ይቆጠርበታል።

ከጌዴኦ ዞን፣ ለምሳሌ ከዲላ፣ ከይርጋ ጨፌ ወይም ከወርቃ፣ ለሄደ ሰው ደግሞ ስቴትመንቱ ላይ የማይታይ ወጪ አለ፤ አገር ቤት የሚላከው ገንዘብ። ገቢ ሲቀንስ ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ የሚነካው እሱ ነው። የሚላከው እንዳለ ሆኖ የቤቱ አስቤዛ በካርድ መገዛት ከጀመረ፣ የተላከው ገንዘብ በተዘዋዋሪ ከፍተኛ ወለድ የሚከፈልበት ብድር ሆኗል ማለት ነው። ስለዚህ ዕዳውን ለመያዝ ሁለቱን ቤቶች አንድ ላይ ማስላት ያስፈልጋል።

የክፍያ ቅደም ተከተል

ገንዘቡ ለሁሉም በማይበቃበት ወር የሚቀድመው ሳይከፈል ቢቀር ቶሎ የሚጎዳው ነው። የቤት ኪራይ ካልተከፈለ ማስለቀቅ ይከተላል፤ የመኪና ብድር ካልተከፈለ መኪናው ይወሰዳል፤ ታክሲ ወይም ራይድ ለሚሠራ ደግሞ መኪናው እንጀራው ነው። ስለዚህ ኪራይ፣ ምግብ፣ መብራትና ውኃ፣ መኪናና ኢንሹራንስ ይቀድማሉ። የክሬዲት ካርድ ከእነዚህ በኋላ ይመጣል። ካርድ ሳይከፈል ሲቀር ወለድና ቅጣት ይጨምራል፣ ክሬዲት ስኮር ይወርዳል፤ ቤተሰቡ ግን በዚያው ወር ሜዳ ላይ አይወድቅም።

ከሥራ የተሰናበተ ሰው የሥራ አጥነት ድጎማ ይሠራበት በነበረው ስቴት ወዲያውኑ ማመልከት ይኖርበታል፤ መብቱ ብዙውን ጊዜ የሚቆጠረው ካመለከተበት ሳምንት ጀምሮ ነው። በግሉ የሚሠራ የራይድ ሹፌር በመደበኛው ጊዜ ይህን ድጎማ ስለማያገኝ የመጠባበቂያ ገንዘብ የበለጠ ያስፈልገዋል። የኪራይ፣ የምግብና የመብራት እርዳታ የት እንደሚገኝ በስልክ ቁጥር 211 መጠየቅ ይቻላል።

ዝቅተኛው ክፍያ የሚያስከትለው

ስቴትመንት ላይ የሚጻፈው ዝቅተኛ ክፍያ ብዙ ጊዜ የወሩ ወለድና የዕዳው 1 በመቶ ድምር ነው። 6,000 ዶላር ዕዳ በ24 በመቶ ወለድ ቢያዝ የወሩ ወለድ 120 ዶላር ይሆናል። ዝቅተኛው ክፍያ 180 ዶላር ነው፤ ከዕዳው ላይ የሚቀነሰው ግን 60 ዶላር ብቻ ነው። ዕዳው ባነሰ ቁጥር ዝቅተኛው ክፍያም አብሮ ያንሳል። እየወረደ የሚሄደውን ዝቅተኛ ክፍያ ብቻ የሚከፍል ሰው ዕዳው ግማሽ እስኪሆን 69 ወር ገደማ ይፈጅበታል። ክፍያውን ሳያወርድ በየወሩ 180 ዶላር የሚከፍል ግን፣ አዲስ ነገር በካርዱ እስካልገዛ ድረስ፣ በ56 ወር ሙሉ በሙሉ ይጨርሳል፤ 300 ዶላር ከከፈለ ደግሞ በ26 ወር።

እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የክሬዲት ካርድ ሕግ ባንኮች ይህንን ስሌት ስቴትመንቱ ላይ እንዲያሳዩ ያስገድዳል። ዝቅተኛው ብቻ ቢከፈል ስንት ዓመት እንደሚፈጅ፣ በ36 ወር ለመጨረስስ በወር ስንት መክፈል እንደሚያስፈልግ በአንድ ሠንጠረዥ ተቀምጧል። ብዙ ካርድ ያለው ሰው በሁሉም ላይ ዝቅተኛውን ከፍሎ የተረፈውን ከፍተኛ ወለድ ባለው ካርድ ላይ ቢያውል ጠቅላላ ወለዱ ያንሳል።

ክፍያ ከማለፉ በፊት ወደ ባንኩ መደወል

ትልልቆቹ ባንኮች ገቢው ለተጎዳ ደንበኛ ሃርድሺፕ ፕሮግራም የሚሉት ዝግጅት አላቸው። ባንኩ ወለዱን ለተወሰነ ጊዜ ሊቀንስ፣ ቅጣቱን ሊያነሳ ወይም ወርሃዊውን ክፍያ ሊያሳንስ ይችላል፤ በምትኩ ካርዱ ብዙ ጊዜ ይዘጋል። በላይኛው ምሳሌ ወለዱ ከ24 ወደ 8 በመቶ ቢወርድ ያው 180 ዶላር ዕዳውን በ38 ወር ይጨርሰዋል።

ስልኩ ላይ ረጅም ታሪክ መዘርዘር አያስፈልግም። «የሥራ ሰዓቴ ተቀንሷል፤ በወር 150 ዶላር መክፈል እችላለሁ፤ ሃርድሺፕ ፕሮግራም አላችሁ?» ማለት ይበቃል። እንግሊዝኛው የሚያስቸግረው ሰው አስተርጓሚ መጠየቅ ይችላል። ስምምነቱን በጽሑፍ መቀበል፣ የተደወለበትን ቀንና ያነጋገረውን ሠራተኛ ስም መመዝገብ ኋላ ላይ ክርክር ያስቀራል።

ወደ አገር ቤት የሚላከው

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ፈቀደ። ከዚያ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት መጨረሻ ከ130 ብር በላይ ሆነ። ድሮ 200 ዶላር ሲላክ ቤተሰቡ 11,400 ብር ያገኝ ነበር፤ በ130 ብር ሂሳብ 120 ዶላር 15,600 ብር ይሆናል። በዚያው ጊዜ ኑሮም ስለተወደደ ልዩነቱ ሁሉ ትርፍ አይደለም። ቢሆንም የሚላከውን ከዶላር ይልቅ ቤተሰቡ በሚያስፈልገው ብር መተመን ለብዙዎች በወር ጥቂት አሥር ዶላሮች ያተርፋል፤ ያ ገንዘብ በቀጥታ ለካርዱ ይውላል።

ወቅቱም መታየት አለበት። ወርቃን ጨምሮ በጌዴኦ ደጋማ ቀበሌዎች የገበሬው ጥሬ ገንዘብ የሚመጣው በቡና ለቀማ ጊዜ፣ ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ታኅሣሥና ጥር ድረስ፣ እሸቱ ለገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ወይም ለነጋዴ ሲሸጥ ነው። እጅ የሚያጥረው በክረምት ነው፤ ጓሮው ውስጥ እንሰት ቢኖርም ለሕክምናና በመስከረም ለትምህርት ቤት ጥሬ ገንዘብ ያስፈልጋል። በዚህ ጊዜ የተቸገረ ገበሬ ያልደረሰ ቡናውን ለነጋዴ አስቀድሞ በርካሽ ይሸጣል ወይም አራጣ ይበደራል። ስለዚህ በየወሩ እኩል ከመላክ በለቀማው ወራት ቀንሶ ከሰኔ እስከ መስከረም ጨመር አድርጎ መላክ ይሻላል፤ ላኪውን ያቀለዋል፣ ቤተሰቡንም ከአራጣ ያድናል።

ለዚህ እንቅፋት የሚሆነው ይሉኝታ ነው። ሥራ መቀነሱን ደብቆ በካርድ እየኖሩ መላክ ለጊዜው ክብር ይጠብቃል፤ ካርዱ ሲሞላ ግን የሚላከው ጭራሽ ይቆማል። የሚቀነሰውን መጠንና እስከ መቼ እንደሚቆይ ለቤተሰቡ አስቀድሞ መናገር በድንገት ከማቋረጥ ያነሰ ይጎዳል።

አዲስ ብድር

ዕዳን በሌላ ዕዳ መክፈል የሚጠቅመው አዲሱ ወለድ ካነሰና አሮጌው ካርድ ድጋሚ ካልተሞላ ብቻ ነው። ባላንስ ትራንስፈር፣ ማለትም ዕዳውን ወደ ሌላ ካርድ ማዛወር፣ ከ12 እስከ 21 ወር ያለ ወለድ ሊቆይ ይችላል፤ ሲዛወር ግን ከ3 እስከ 5 በመቶ ይከፈላል፣ ጥሩ ክሬዲት ስኮርም ይፈልጋል። የፌዴራል ክሬዲት ዩኒየኖች የአብዛኛው ብድራቸው ወለድ ከ18 በመቶ እንዳያልፍ ተገድቧል። ዕቁብ ያለው ሰው ሰብሳቢውን አስቀድሞ ጠይቆ ዕጣውን ቀደም ብሎ ቢያገኝ ያለ ወለድ እንደተበደረ ይቆጠራል፤ ቀሪውን የሚጥልበት ገቢ ከሌለው ግን የሚያከስረው የጓደኞቹን ገንዘብ ነው።

መራቅ የሚገባው ሦስት ነው። አንዱ በካርድ ከኤቲኤም ጥሬ ገንዘብ ማውጣት ነው፤ ተጨማሪ ክፍያ አለው፣ ወለዱም የእፎይታ ጊዜ የለውም። ሁለተኛው እስከ ደመወዝ ቀን የሚሰጠው አጭር ብድር፣ ፔይዴይ ሎን ነው፤ ለ100 ዶላር በሁለት ሳምንት 15 ዶላር ማስከፈል በዓመት ወደ 390 በመቶ ይደርሳል። ሦስተኛው ለወዳጅ ብድር ኮሳይን ማድረግ፣ ማለትም በዋስትና መፈረም ነው፤ ወዳጁ ካልከፈለ ዕዳውን ሙሉ በሙሉ መሸከም ነው።

ክፍያው ካለፈ በኋላ

30 ቀን ያለፈው ክፍያ በክሬዲት ሪፖርት ላይ ይመዘገባል፤ 60 ቀን ሲሞላ ባንኩ በነባሩ ዕዳ ላይ ሳይቀር የቅጣት ወለድ ሊጥል ይችላል፤ 180 ቀን ሲሆን ባንኩ ዕዳውን እንደ ኪሳራ ይመዘግባል፣ ብዙ ጊዜም ለሰብሳቢ ድርጅት ይሸጣል። ዕዳው ግን አይሰረዝም።

ሰብሳቢዎች እ.ኤ.አ. በ1977 በወጣ ሕግ የተገደቡ ናቸው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊትና ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ መደወል፣ በእስር ማስፈራራትም አይችሉም፤ ካርድ መክፈል ያቃተው ሰው በዚህ ብቻ አይታሰርም። ባለዕዳው የዕዳውን ማስታወቂያ ከተቀበለ በ30 ቀን ውስጥ ማረጋገጫ በጽሑፍ ሊጠይቅ ይችላል። የፍርድ ቤት መጥሪያን ችላ ማለት ግን አደገኛ ነው፤ ያልቀረበ ሰው ይፈረድበታል፣ በብዙ ስቴቶችም ደመወዙ ሊቆረጥ ይችላል።

ብቻውን መወጣት ላልቻለ ሰው ለትርፍ ያልቆሙ የክሬዲት አማካሪዎች አሉ። ከባንኮቹ ጋር ተደራድረው ወለዱን ያስቀንሱና ሁሉም ዕዳ በአንድ ወርሃዊ ክፍያ ከ3 እስከ 5 ዓመት እንዲያልቅ ያደርጋሉ። «ዕዳህን በግማሽ እናስቀንስልሃለን» የሚሉ ድርጅቶች የተለዩ ናቸው፤ በስልክ የሚሸጡት ዕዳውን ሳያቃልሉ ክፍያ እንዳይቀበሉ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ተከልክለዋል። የተሰረዘ ዕዳ 600 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሆነ በጥቅሉ ለግብር እንደ ገቢ ሪፖርት ይደረጋል፤ ዕዳው ከንብረቱ የሚበልጥ ሰው ግን ከዚህ ግብር ነፃ ሊሆን ይችላል። ገቢው ዝቅተኛውን ክፍያ እንኳ ለረጅም ጊዜ የማይሸፍን ከሆነ ስለ ባንክረፕሲ ጠበቃ ማማከር ተገቢ ነው፤ ይህም የጡረታ ቁጠባን አውጥቶ ለካርድ ከመክፈል በፊት መደረግ አለበት፤ አብዛኛው የጡረታ ቁጠባ በባንክረፕሲ ጊዜ በሕግ ይጠበቃልና።